የቦንሳይ ጥንስስ

አትክልተኞች «ፕሪ-ቦንሳይ» የሚሉት ቦንሳይ እንዲሆን ታጭቶ ሥራው የተጀመረ፣ ግን ገና ያልደረሰ ተክል ነው። በአማርኛ «የቦንሳይ ጥንስስ» ብለን ብንጠራው ይስማማዋል፤ የጠላ ጥንስስ ገና ጠላ አይደለም፣ ሥራው ግን ተጀምሯል፣ ቀኑ ሳይደርስም አይቀዳም። «ችግኝ» ማለት አይበቃም። ችግኝ ዕድሜን ይናገራል፤ ጥንስስ ደረጃን። ግንዱ የወፈረ የ20 ዓመት ተክልም ቅርጹ ካልተያዘ ጥንስስ ነው።

ብዙ ሰው ቦንሳይን ልዩ የዛፍ ዝርያ ያደርገዋል። ዝርያ አይደለም፤ እንጨት የሚያወጣ ተክልን ዝርግ ማሰሮ ውስጥ ተክሎ፣ እየገረዙ፣ የትልቅ ዛፍ መልክ ማስያዝ ነው። ከሚመረጡት ተክሎች አንዱ አዛሊያ ሲሆን፣ ጃፓኖች በተለይ «ሳትሱኪ» የሚሉትን ይወዱታል። ስሙ በድሮው የጨረቃ አቆጣጠራቸው አምስተኛው ወር ማለት ነው፤ የሚያብበውም ያኔ፣ በእኛ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ፍቅራቸው የቆየ ነው። ኢቶ ኢሄይ የተባለ የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) አትክልተኛ በ1692 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከ300 በላይ የአዛሊያ ዓይነቶችን ዘርዝሯል።

ዛሬ የሳትሱኪ ችግኝ ከሚፈላባቸው ቦታዎች ስሟ የገነነው በቶቺጊ ግዛት ያለችው ካኑማ ናት። የአካጊ ተራራ በጥንት ዘመን ፈንድቶ የተፋው ፑሚስ የሚባል ቢጫ ድንጋይ በአካባቢዋ ከመሬት ይቆፈርና ለአዛሊያ መትከያ አፈር ይሆናል። ቀላል ነው፣ እርጥበት ይይዛል፣ ውሃ ግን አያቁርም፤ ሲደርቅ ስለሚነጣ የውሃ ማጠጫውን ሰዓት በዓይን ያሳያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሲዳማ ነው። የእኛ ደጋ ገበሬ ኖራ እየበተነ የሚታገለውን የአፈር አሲድ አዛሊያ አጥብቆ ይፈልገዋል። ካጣው ብረት መሳብ ያቅተውና የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ በመሀላቸው ያለው ይገረጣል።

ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ አዛሊያ ሲታይ ድቡልቡል ቁጥቋጦ ነው። አፈሩን ከግርጌው በጣት ገለጥ ሲያደርጉት ግን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች እርስ በርስ ተያይዘው ይወጣሉ፤ ከሥራቸው የግንዱ እውነተኛ መነሻ ብቅ ይላል። ሰፋ ብሎ መሬቱን የጨበጠ መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ነው። እኔ ችግኝ ስመርጥ አበባውን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። አበባው በየዓመቱ ይመለሳል፤ የተበላሸ ግርጌን ማቃናት ግን ዓመታት ይፈጃል።

ቀጥሎ ድፍረት ይጠይቃል። ከብዙዎቹ ግንዶች አንዱ ይመረጥና ሌሎቹ ይወገዳሉ፤ የተመረጠውም አንዳንድ ጊዜ እስከ ጉቶው ይቆረጣል። እንደ ጥድ ያሉት ዛፎች ቅጠል አልባ ሆነው እንዲህ ቢቆረጡ ይሞታሉ። ጤነኛ አዛሊያ ግን በሳምንታት ውስጥ ከራቁት ቅርፊቱ ነጠብጣብ የሚያህሉ ቡቃያዎች ያወጣል። ለዚህ ሥራ የሚወደድበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ትልልቅ ቁስሎች ቶሎ ስለማይድኑና ስለሚበሰብሱ የቁስል መሸፈኛ ይቀባባቸዋል።

ሌላ ዛፍ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። አብዛኞቹ ዛፎች ጉልበታቸውን ወደ ጫፍ ይልካሉ፣ ስለዚህ አናታቸው አጥብቆ ይገረዛል። አዛሊያ በተፈጥሮው ቁጥቋጦ በመሆኑ የሚበረታው ከታች ነው። የታችኛው ቅርንጫፍ በደንብ ይቆረጣል፣ አናቱን ይታገሡታል፤ ተገላቢጦሽ ከተሠራ አናቱ እየመነመነ ይሄዳል። እንጨቱም ተሰባሪ ነው። ካኑማ ያሉ አምራቾች ግንዱን በሽቦ ጠምዝዘው የሚያጎብጡት ገና ለጋ ሳለ ነው፤ የጠነከረ ቅርንጫፍ ሲታጠፍ ከመጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

ግንዱ የሚወፍረው ተክሉ እንደ ልብ ሲያድግ ነውና፣ ጥንስሱ መሬት ላይ ወይም ሰፊ ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የአበባ እምቡጡም በእነዚያ ዓመታት ይለቀማል፣ ጉልበቱ ለእንጨቱ እንዲተርፍ። ይህን መታገሥ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ገበያ ላይ የምናያቸው ክር መሳይ ግንድ ያላቸው «ቦንሳዮች» ግን ከጥንስስነታቸው ያለ ጊዜያቸው የወጡ ናቸው። ዝርግ ማሰሮ እድገትን ያዘገያል፤ ስለዚህ ተክሉ ወደዚያ የሚዛወረው ግንዱ የተፈለገውን ውፍረት ሲይዝና ዋና ዋና ቅርንጫፎቹ ቦታቸውን ሲያገኙ ነው። ጃፓን ውስጥ ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት በጸደይ መባቻ ወይም አበባው እንደረገፈ ነው።