የአንገት ዕጢ፣ የሱሉልታ ወተትና ዲፕ ፍሪዘሩ

ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከቡራዩ በየማለዳው አዲስ አበባ የሚገባው ወተት ለሐኪሞቻችን የቆየ የቤት ሥራ ነበር። በአገራችን ከሳንባ ውጭ የሚታየው ቲቢ፣ በተለይ የአንገት ዕጢው፣ ከሌላው ዓለም ጋር ሲተያይ እጅግ ብዙ ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጣውም ብዙ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ «ከላሟ ነው» ያለ ሰው አይፈረድበትም። ማረጋገጫው ግን ከሰውየው አንገት ተወስዶ፣ ተዘጋጅቶ፣ ሳይበላሽ ተቀምጦ ነው የሚገኘው።

ሙያው አዲስ አይደለም። ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ብዙዎቻችን ለልምምድ የተላክንበት ዘነበወርቅ አለ። አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. እዚያ ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እርዳታ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አጠገቡ ተከፈተ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ፣ ሐንሰን በ1873 ካየው ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ በላብራቶሪ ካልቸር አልበቀለም። ስለዚህ ከሕመምተኛው ቆዳ የተወሰደችው ቁራጭ ሁሉም ነገር ነበረች። ለማይክሮስኮፕ የሚሆነው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን ግን ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ሕያው ሆኖ የሚፈለገውን በበረዶ ይዞ መሮጥ ነው። ከዚያ የአይጥ መዳፍ ውስጥ ተወግቶ እስኪራባ ወራት ይጠበቃል! ዳፕሶን የማይበግረው ባክቴሪያ፣ መድኃኒቱን ቀምሰው በማያውቁ ሕመምተኞች ላይ ጭምር፣ በአገራችን መኖሩ በ1970ዎቹ የታወቀው በዚህ አድካሚ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 በአንድ መድኃኒት ብቻ ማከም እንዲቀር ሲመክር የችግሩ ስፋት በእንዲህ ዓይነት ናሙናዎች ታይቶ ነበር።

ወደ ዕጢው እንመለስ። በቀጭን መርፌ የሚወጣው ጥቂት ጠብታ ነው፤ ከፊሉ ለስላይድ፣ ከፊሉ ለካልቸር። ካልቸሩ እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። ከበቀለው የተወሰነው በሙቀት ተገድሎ ለዲኤንኤ ምርመራ ይውላል፣ ሌላው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ልቡ ያልደነገጠ የላብራቶሪ ሰው ካለ እሱ ገና ጀማሪ ነው።

በ2013 የታተመው ጥናት ከሳንባና ከዕጢ ቲቢ ሕመምተኞች የተገኙ 964 ናሙናዎችን መረመረ። የላሟ ባክቴሪያ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ዕጢውን ያሳበጠው በአብዛኛው ያው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው። ወተቱ ነፃ ወጣ ማለት ግን አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት በወጣ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተመረመሩ 2956 የወተት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉን የቲቢ ምርመራው ያዛቸው። አፍልታችሁ ጠጡ!

ማንም ያልጠበቀውም ነገር መጣ። ከናሙናዎቹ መካከል፣ በተለይ ከወልዲያ በመጡት፣ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚታወቅ አዲስ የቲቢ ዝርያ ተገኘ፤ ዛሬ ሰባተኛው የዘር ሐረግ ይባላል።

ለእኔ የሚከብደኝ ፈቃዱ ነው። «መርፌ እንወጋሃለን» የሚለውን ማንም ይረዳዋል፤ «የተረፈው ለወደፊት ምርምር ይቀመጣል» የሚለውን ግን በአማርኛም ሆነ በሰበታና በሱሉልታ ሰው አፍ በኦሮምኛ በቅጡ ማስረዳት የግማሽ ሰዓት ወግ ይፈልጋል። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ደግሞ ያ ግማሽ ሰዓት የለም። ናሙና ከአገር ሲወጣ የዝውውር ስምምነት ይፈረማል፤ ፈራሚዎቹ ሰጪውና ተቀባዩ ተቋም ናቸው። በፋኩልቲው ያላችሁ፣ ለተማሪዎቻችሁ መርፌ አያያዝ ስታስተምሩ ያንን ወግም አብራችሁ አስለምዷቸው።