የሸኽ ዑመር አል-ሙኽታር መነጽር

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ አንድ መነጽር ይሆናል።

አባት ወይም አያት ወደ አኺራ ሲሄዱ ቤተሰቡ የሚከፋፈለው ንብረት ይኖራል። ለክፍፍል የማይቀርብ፣ ግን ማንም የማይጥለው ዕቃ ደግሞ አለ። ሙስበሃቸው፣ ከዘራቸው፣ ጠርዙ የሳሳው ቁርኣናቸው፣ ክንዱ በክር የታሰረው መነጽራቸው። ገበያ ቢወጣ ዋጋ የለውም፤ ግን ሰውየው ምን ይወዱ እንደነበር፣ ጊዜያቸውን በምን እንዳሳለፉ ከውርሱ ወረቀት ይልቅ እሱ ይናገራል።

የመሪም ዕቃ እንዲሁ ነው። አንድ ሕዝብ መሪው ማን እንደነበር ማወቅ ሲሻ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ትቶት የሄደውንም ይመረምራል። መዲና ላይ መንግሥት መሥርተው የመሩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ሲለዩ ጥሩራቸው በ30 ሷዕ ገብስ መያዣነት በአንድ አይሁዳዊ እጅ ነበር። ዐረቢያን ያስተዳደሩ መሪ ለቤታቸው ቀለብ ሲሉ የጦር ልብሳቸውን አስይዘዋል ማለት ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት አቡበክር (ረ.ዐ) ደግሞ ሞት ሲቀርባቸው፣ ሥልጣን ከያዙ ወዲህ በቤታቸው የተጨመረው ነገር ሁሉ ለተተኪያቸው እንዲመለስ ተናዘዙ። ተፈልጎ የተገኘው አንድ አገልጋይ፣ አንድ ውሃ የሚያመላልስ ግመልና አንድ ያረጀ ጨርቅ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ይህን ባዩ ጊዜ አለቀሱ፤ አቡበክር ከኋላቸው ለሚመጣው መሪ ነገሩን እንዳከበዱበትም ተናገሩ። ዕቃ እንዲህ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ሊቢያ እንሻገር። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1930 ነው። ከቤንጋዚ በስተምሥራቅ በጀበል አል-አኽደር፣ ማለትም በአረንጓዴው ተራራ፣ የጣሊያን ጦርና የሊቢያ ሙጃሂዶች ውጊያ ገጥመዋል። ውጊያው ሲያበቃ አንድ የጣሊያን ወታደር መሬት ላይ የወደቀ መነጽር አገኘና ለአለቆቹ አቀረበ። የሸኽ ዑመር አል-ሙኽታር መነጽር ነበር። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ባየው ጊዜ መነጽሩ በእጃችን ገብቷል፣ ጭንቅላቱም አንድ ቀን ይከተላል ብሎ እንደፎከረ ይተረካል።

ግራዚያኒ! አዎን፣ እኛ የምናውቀው ግራዚያኒ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ ግን እንጠይቅ። የጦር መሪ ሆነው ከጦር ሜዳ የጠፋባቸው ዕቃ ለምን መነጽር ሆነ? መልሱ በሕይወታቸው ውስጥ አለ። ሸኽ ዑመር ወታደር ሆነው አላደጉም። ቁርኣን የሚያቀሩ መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው አባታቸውን አጥተው፣ በጀግቡብ በነበረው የሰኑሲያ ዛዊያ ለዓመታት ደረሳ ሆነው ቀሩ። በኋላም የአል-ቁሱር ዛዊያ ሸኽ ሆነው ተሾሙ። ሥራቸው ልጆችን ማስቀራት፣ የተጣሉ ጎሳዎችን ማስታረቅና እንግዳ መቀበል ነበር። ቁርኣንን በየ7 ቀኑ ያኸትሙ እንደነበር ይነገርላቸዋል። እንግዲህ መነጽሩ የቂርኣት መነጽር ነው።

ጣሊያን ሊቢያን እ.ኤ.አ. በ1911 ስትወር ሸኽ ዑመር 50 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ሌላው ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ እሳቸው ፈረስ ጫኑ። የሰኑሲያው መሪ ሰይድ ኢድሪስ ወደ ግብጽ ከተሰደዱ በኋላ፣ ከ1923 ጀምሮ የምሥራቅ ሊቢያን ተጋድሎ የመምራት ኃላፊነት በእሳቸው ላይ ወደቀ። ጣሊያኖች አውሮፕላን፣ ብረት ለበስ መኪናና መድፍ ነበራቸው። ሸኹ ያላቸው ፈረስ፣ ጠመንጃና አገሩን የሚያውቅ ሰው ነበር። ቀን የጣሊያን ባንዲራ በተውለበለበበት ቦታ ሌሊት የሚታዘዙት ሸኽ ዑመር ነበሩ። ዘካው ለእሳቸው ይገባል፤ ፍርዱም በሸሪዓ በእሳቸው ሰዎች ይሰጣል። ጣሊያንን ያስቆጣት የጥይቱ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡ መንግሥቱን በልቡ ውስጥ ይዞ መቀመጡም ጭምር ነበር።

በጦር ሜዳ አልሆን ሲል ግራዚያኒ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1930 ዛዊያዎቹ ተዘጉ፣ የወቅፍ ንብረታቸውም ተወረሰ። ከተራራው 100,000 ያህል ሕዝብ ከነከብቱ ተነድቶ በሲርት በረሃና በቤንጋዚ ዙሪያ፣ በአል-ዑቀይላ፣ በአል-መግሩንና በሱሉቅ በመሳሰሉ በሽቦ የታጠሩ ካምፖች ታጎረ። በረሃብና በበሽታ በዚያ ያለቀውን ሕዝብ የታሪክ ጸሐፊዎች ከ40,000 እስከ 70,000 ያደርሱታል። በ1931 ደግሞ ከግብጽ እርዳታ እንዳይገባ በድንበሩ ላይ 270 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእሾህ ሽቦ አጥር ተዘረጋ። ሙጃሂዶቹ ስንቅም፣ ጥይትም፣ ዘመድም አጡ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1931፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 6 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ሸኽ ዑመር ስሎንጣ በተባለ ቦታ አካባቢ ፈረሳቸው ተመቶ ወድቀው ተማረኩ። የያዟቸው በጣሊያን ደመወዝ የሚያድሩ የአገራቸው ልጆች፣ የሊቢያ ፈረሰኞች ነበሩ። በጦር መርከብ ወደ ቤንጋዚ ተወሰዱ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ፎቶግራፋቸው የዚያን ጊዜ ነው። ነጭ ፂም ያላቸው ሽማግሌ፣ እንደ እኛ ጋቢ ያለ ነጭ ልብስ ተከናንበው፣ እጃቸው በሰንሰለት ታስሮ፣ ዙሪያቸውን መኮንኖች ከበዋቸው። ግራዚያኒ በቢሮው አስቀርቦ አነጋገራቸው፤ ያንን መነጽርም እንዳሳያቸው ይተረካል። ሰውየው ጠላታቸው ሆኖ ሳለ፣ በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ የሽማግሌውን ግርማና እርጋታ ሳይጽፍ ማለፍ አልቻለም።

ችሎቱ መስከረም 15 ቀን ተቀመጠ፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አልዘለለም። ጠበቃ ሆኖ የተመደበላቸው ጣሊያናዊ መኮንን ከልቡ ስለተከራከረላቸው እሱ ራሱ ተቀጣ። የሞት ፍርዱ ሲነበብ ሸኹ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ማለታቸው ይተረካል። በማግሥቱ፣ መስከረም 16 ቀን 1931 (መስከረም 5 ቀን 1924 ዓ.ም.)፣ በሱሉቅ ከየካምፑ ተነድቶ በመጣ 20,000 ያህል ሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። ከ70 ዓመት በላይ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው፣ ሸሂድነታቸውንም ይቀበል።

ብዙዎቻችን በቪዲዮ ያየነው «የበረሃው አንበሳ» የተባለው የ1981 ፊልም ሲያልቅ፣ ከመስቀያው ሥር የወደቀውን መነጽር አንድ ሕፃን ያነሳዋል። ይህ የፊልሙ ምሳሌ ነው። በታሪኩ መነጽሩ ከአንድ ዓመት በፊት ጠፍቶ በጠላት እጅ ገብቶ ነበር። የፊልሙ መልእክት ግን ትክክል ነው። ግራዚያኒ መነጽሩን የያዘው ለምርኮ ነው፤ በመነጽሩ ሲነበብ የኖረው ግን በልጆቹ ልብ ውስጥ ነበርና ሊማረክ አልቻለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ግራዚያኒ ከሊቢያ በኋላ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት በደቡብ ግንባር ከሶማሊያ ተነስቶ ኢትዮጵያን ወጋ። ከዚያም የጣሊያን ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ተቀመጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ በ3 ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰውን አያቶቻችን ነግረውናል። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ሟቾቹን 30,000 ብሎ አስመዝግቧል። በጀበል አል-አኽደር የተሞከረው ጭካኔ ወደ እኛ የመጣው ልምድ ያካበተ ሆኖ ነው።

አድማጮች ሆይ! እዚህ ላይ ሊመረንም ቢሆን ልንሰማው የሚገባ እውነት አለ። በሊቢያ ተራሮች ሸኽ ዑመርን ያሳደደው ጦር ውስጥ ከኤርትራ የተመለመሉ ክርስቲያን አስካሪዎች ነበሩበት። በኢትዮጵያ ደግሞ ግራዚያኒ የሊቢያና የሶማሊያ ሙስሊም ወታደሮችን አሰለፈ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ለማስፈጀት ያዘመተውም በአብዛኛው ሙስሊም የሆኑ የቅኝ ግዛት ወታደሮችን ነበር። ወራሪው ክርስቲያኑን በሙስሊሙ ላይ፣ ሙስሊሙን በክርስቲያኑ ላይ ሲያዘምት ለሁለቱም ሃይማኖት ደንታ አልነበረውም። የተሰቀሉት ሸኽና የተረሸኑት መነኮሳት ገዳያቸው አንድ ሰው ነው። በደል በማንም ላይ ቢፈጸም በደል ነው፤ የሚፈጽመው እጅ የሙስሊም ስለሆነም ሐላል አይሆንም። ይህን ያወቀ ቤተሰብ ጎረቤቱን በጥርጣሬ አያይም።

ግራዚያኒ ራሱ በሊቢያም ሆነ በኢትዮጵያ ለፈጸመው ግፍ ፍርድ ቤት አልቆመም። በ1950 አገሩ የፈረደችበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ከተፈረደበት 19 ዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ፣ በ1955 ሞተ። በ2012 አፊሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሲሠራለት ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም ተቃውመዋል። እንግዲህ አንዱ የድንጋይ መታሰቢያ ተሠርቶለት ስሙ ያሳፍራል፤ ሌላው መነጽሩ ተወስዶበት ስሙ ይከበራል።

የሸኽ ዑመር ስም ግን በወዳጅ እጅም ፈተና አላጣውም። ምስላቸው በሊቢያ የ10 ዲናር ገንዘብ ላይ ታተመ። ሙዐመር ቃዛፊ በ2009 ሮምን ሲጎበኙ የሸኹን የምርኮ ፎቶግራፍ በደረታቸው ላይ ለጥፈው ከአውሮፕላን ወረዱ፤ አረጋዊ ልጃቸውንም ይዘው ሄደው ነበር። ጣሊያን የሠራችውን እንድታስታውስ ማድረጋቸው ደግ ነው። ነገር ግን በ2011 በራሳቸው በቃዛፊ ላይ የተነሳው የሊቢያ ሕዝብም ያንኑ ምስል ተሸክሞ ነበር የወጣው። ገዢውም ተቃዋሚውም አንዱን ሽማግሌ ምስክር ጠሩ። ሕዝቡ ከ2011 በኋላ እርስ በርሱ ሲዋጋም ያ ምስል ከግድግዳው ላይ አልወረደም።

ከዚህ የምንማረው የታላላቆችን ምስል መልበስ ቀላል፣ ሥራቸውን መልበስ ግን ከባድ መሆኑን ነው። ፎቶግራፋቸውን ደረቱ ላይ የለጠፈ ሁሉ በመነጽራቸው አላየም። በእሳቸው መነጽር ማየት ማለት ከሥልጣን በፊት ዒልምን ማስቀደም፣ ከሀብት በፊት አማናን መጠበቅ፣ በተጣሉ ሰዎች መካከል ሰይፍ ከመምዘዝ በፊት እርቅን መሞከር ነው።

ወላጆች ሆይ! በቤታችሁ የአያት ሙስበሃ ወይም መነጽር ካለ ልጆቻችሁን ሰብስቡና የማን እንደነበረ ንገሯቸው። አያታችሁ በዚህ ምን ያነቡ ነበር? በማን ፊት እውነት ተናገሩ? ማንን አስታረቁ? ብላችሁ አውሯቸው። ልጆቻችን ከእኛ በኋላ መሳቢያችንን ሲከፍቱ ምን እንደሚያገኙም ዛሬውኑ እናስብበት።

አላህ (ሱ.ወ) ከበዳዮችም፣ የበዳይ መሣሪያ ከመሆንም ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።