ሰው ማንሻ ክንድ የተተከለባቸው ከባድ መኪናዎች፤ የጉድለታቸውና የጥሪያቸው ታሪክ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 1875 የኒው ዮርክ ከተማ የእሳት አደጋ መከላከያ ክፍል በሠረገላ ላይ የተተከለ አንድ ረጅም መሰላል በሕዝብ ፊት ያስፈትን ነበር። መሰላሉ የሚላኖው ተወላጅ የፓኦሎ ፖርታ ፈጠራ ሲሆን፣ በአሜሪካ የመሥራቱን መብት የገዙት ሜሪ ስኮት-ኡዳ የተባሉ ሴት በመሆናቸው በዚያ አገር «የስኮት-ኡዳ መሰላል» ተብሎ ይታወቅ ነበር። ሰዎቹ ወደ ላይ ወጥተው ሳለ መሰላሉ ተሰበረ፤ አንድ የክፍል አዛዥና ሁለት ባልደረቦቹም ሕይወታቸው አለፈ። ከዚያ በኋላ ከተማው በመሰላሉ መገልገሉን ተወ። የመሣሪያው ባለቤት አንድ ነበረ፤ መሣሪያው የት እንደ ቆመ የታወቀ ነበረ፤ ጉድለቱም በሁሉ ዓይን ፊት ታይቷል። ስለዚህ ለማንም ደብዳቤ መጻፍ ሳያስፈልግ ነገሩ በዚያው አከተመ። በኋላ ዘመን የመጣው ችግር ይህን ያህል ቀላል አልሆነም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእርግጥ መሰላልን በሠረገላ ላይ የመትከል ሐሳብ በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። የሳን ፍራንሲስኮ እሳት አደጋ መከላከያ ባልደረባ የነበረው ዳንኤል ሄይዝ በ1868 ለራሱ መሰላል የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ነገር ግን ሰውን በቅርጫት ውስጥ አቁሞ በዘይት ግፊት በሚሠራ ክንድ ማንሣት የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። መሣሪያው እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ «ቼሪ ፒከር»፣ ማለትም ፍሬ ለቃሚ፣ የሚባለው መነሻው የፍራፍሬ እርሻ ስለ ሆነ ነው። ከእርሻው ወደ መብራትና ስልክ ኩባንያዎች ለመዛወር ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም፤ በእግሩ ላይ የብረት ጥፍር አስሮ ምሰሶ ይወጣ የነበረው የመስመር ሠራተኛ ቅርጫቱን በደስታ ተቀበለው። በ1958 የቺካጎው የእሳት አደጋ መከላከያ ኮሚሽነር ሮበርት ኩዊን ይህንኑ ክንድ ለእሳት ማጥፊያነት አዋለው፤ «ስኖርክል» የሚል ስምም ወጣለት። በ1961 አለን ሼፐርድ ወደ ጠፈር ሲተኮስ፣ ከመነሣቱ በፊት አደጋ ቢደርስበት ከመንኰራኵሩ የሚያወርደው ይኸው ዓይነት ክንድ በማስወንጨፊያው አጠገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ለፍሬ መልቀሚያ ይህ ያልታሰበ ማዕረግ ነው።

መሣሪያው በመሠረቱ ከክሬን የሚለየው፣ ክሬን ዕቃ ሲያነሣ ይህ ግን ሰውን ማንሣቱ ነው። ክሬን የተሸከመውን ቢጥል ኪሣራው ብዙውን ጊዜ የንብረት ነው፤ እዚህ ግን የተሸከመው ራሱ የሚሠራው ሰው ነው። ስለሆነም ጉድለቱ የሚደበቅባቸውን ሥፍራዎች ለይቶ ማየት ይገባል። ክንዱ የሚዞርበት ትልቅ ኩሽኔታ ከመኪናው ጋር የሚያያዘው በብሎኖች ነው፤ አንዱ ብሎን ሲላላ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ይዛወራል፤ ያም በተራው ይደክማል። በክንዱ መታጠፊያ ላይ ያለው ብየዳ በየቀኑ ሲጫንና ሲራገፍ፣ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ቀስ በቀስ ታድጋለች። ብረት በተደጋጋሚ ጭነት እንደሚደክም ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በባቡር አክስሎች ላይ ባደረገው ፈተና ካሳየ ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ሆነው፣ በዚህ በኩል «አላወቅንም» የሚል መሐንዲስ አይኖርም። የዘይት ቱቦው ቢፈነዳ ደግሞ፣ በሲሊንደሩ ላይ ዘይቱን የሚያግድ ቫልቭ ከሌለ ወይም ቫልቩ ካልሠራ፣ ክንዱ እንዳለ ይወርዳል። ሠራተኛውን ከኤሌክትሪክ የሚከላከለው የፋይበር ግላስ ክንድ ደግሞ በእርጥበትና በቆሻሻ መከላከል የማይችልበት ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው በኤሌክትሪክ ፈተና ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ አሳሳቢው ግን የቅርጫቱ ማስተካከያ ሳይሆን አይቀርም። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ቅርጫቱ ዘወትር ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገው ሰንሰለት፣ የብረት ገመድ ወይም ዘንግ ብዙውን ጊዜ በክንዱ ውስጥ የተሸሸገ ነው። ይህ ከተበጠሰ ክንዱ ደህና ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናውም በአራቱ ደጋፊ እግሮቹ እንደ ቆመ፣ ቅርጫቱ ተገልብጦ ሰውየውን ይደፋዋል። ዕለታዊ ምርመራ የሚያደርገው ሾፌር መታጠፊያውን ሊያይ፣ የዘይት ጠብታ ሊፈልግ ይችላል፤ በክንዱ ሆድ ውስጥ ያለውን ገመድ ግን ካልተፈታ አያየውም። እንዲህ ያለውን ጉድለት አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ከልዩ ልዩ ቦታ የሚመጣለትን ወሬ የሚሰበስበው ፋብሪካ ነው። የጥሪ አስፈላጊነትም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የጥሪ ሕግ ግን የተወለደው ከዚህ ክንድ ሳይሆን ከአውቶሞቢል ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሴፕቴምበር 1966 የፈረሙት የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ፣ ፋብሪካው ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲያገኝ ለመጀመሪያው ገዢ በአደራ ደብዳቤ እንዲያስታውቅ አዘዘ። አስታውቅ አለ እንጂ በነፃ ጠግን አላለም፤ ይህ ግዴታ የመጣው ሕጉ በ1974 ሲሻሻል ነው። «ለመጀመሪያው ገዢ» የሚለውም ቃል ልብ ሊባል ይገባል። የቤት አውቶሞቢል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመንግሥት መዝገብ ይከተለዋል፤ በላዩ ላይ የተተከለ መሣሪያን ግን ያው መዝገብ እንደ መኪናው አይከታተለውም።

በዚህ ላይ ባለ ክንዱ መኪና የአንድ ፋብሪካ ልጅ አይደለም። ሻንሲውን አንዱ፣ ክንዱን ሌላው ይሠራል፤ አገጣጥሞ ለገዢው የሚያስረክበው ደግሞ ሦስተኛ ድርጅት ሊሆን ይችላል። የፍሬን ወይም የመሪ ጉድለት ሲገኝ የ1966ቱ ሕግ በቀጥታ ይሠራል። ሕጉ የተጻፈው ለመንገድ ስለ ሆነ ግን፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ከምሰሶ አናት ላይ ስለሚሠራው ሰው በተለይ የታሰበበት አልነበረም። በ1970 የወጣው የሥራ ደኅንነት ሕግ አሠሪውን ያዛል፤ ፋብሪካውን «የሸጥኸውን መልሰህ ጥራ» ለማለት ግን ሥልጣን አይሰጥም። በ1972 የተቋቋመው የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ደግሞ ሥራው የቤትና የግል መገልገያ ዕቃ ነው። ከዚህም የተነሣ የክንዱ ጉድለት በአብዛኛው የሚነገረው ፋብሪካው ራሱ ለደንበኞቹ በሚልከው የአገልግሎት ማስታወቂያ ሆኖ ቆይቷል።

ሆኖም ጥሪ ሳይባል እንደ ጥሪ ያገለገለ አንድ ደንብ አለ። በ1969 በመኪና ላይ ለሚተከሉ ሰው ማንሻ ክንዶች «ኤ 92.2» የተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ወጣ። የሥራ ደኅንነት ደንቡም ይህን ደረጃ ወስዶ፣ ከጁላይ 1 ቀን 1975 ጀምሮ የሚገዛ ክንድ ሁሉ በደረጃው መሠረት የተሠራ እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት የተገዛውም ተሻሽሎ ካልተስማማ ከጁላይ 1 ቀን 1976 በኋላ እንዳይሠራበት ከለከለ። ቢሰበሩ ክንዱን ያለ ልጓም የሚጥሉትን ወይም የሚያሽከረክሩትን የዘይትና የአየር ግፊት ክፍሎች «ወሳኝ» ብሎ ለይቶ በደረጃው ጥብቅ መመዘኛ ሥር አስገባቸው፤ ወሳኝ ያልሆኑትም እንኳ እንዳይፈነዱ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ጥንካሬ እንዲኖራቸው አዘዘ። መቈጣጠሪያው በቅርጫቱም በታችም እንዲኖር፣ የታችኛው የላይኛውን መሻር እንዲችል፣ ነገር ግን ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ከላይ ያለው ሰው ሳይፈቅድ እንዳይነካ ወሰነ። ሠራተኛውም ቀበቶውን ከክንዱ ወይም ከቅርጫቱ ጋር እንጂ ከአጠገቡ ካለው ምሰሶ ጋር እንዳያስር ከለከለ።

የደንቡ ብልሃት ፋብሪካውን ትቶ መሣሪያውን በእጁ የያዘውን ሰው ማናገሩ ነው። አድራሻ መፈለግ አላስፈለገውም፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ገዢ ቢሆን ቀነ ገደቡ ይመለከተዋል። ይሁን እንጂ ደንብ የሚያውቀው የታወቀውን አደጋ ብቻ ነው። ደረጃውን በሚገባ ያሟላ ክንድ፣ በአንድ ወር በተሠሩ ፔርኖዎች ላይ በደረሰ የብረት ማጠንከር ስሕተት ምክንያት ከዓመታት በኋላ ሊሰበር ይችላል፤ ይህንን የሚናገረው የፋብሪካው ደብዳቤ እንጂ ደንቡ አይደለም። ስለዚህ ደንቡ መሣሪያውን ያገኘዋል፤ አዲሱን ጉድለት ግን አያውቅም። ደብዳቤው ጉድለቱን ያውቃል፤ መሣሪያውን ግን ላያገኘው ይችላል።

በኋላ የወጡት ደረጃዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት፣ መሣሪያውን የሚሸጥ ባለ ንብረት የአዲሱን ገዢ ስምና አድራሻ ለፋብሪካው እንዲያስታውቅ ግዴታ ጨመሩበት። ገበያው ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። የመብራት ኩባንያ ክንዱን ለዓመታት ከሠራበት በኋላ በጨረታ ያወጣዋል፤ የሚገዛው ዛፍ ቆራጭ፣ ቀለም ቀቢ ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳ ሰቃይ ነው። አንዳንዱም ባሕር ተሻግሮ፣ እንደ ኢትዮጵያ ከውጭ በሚመጣ መኪና በሚገለገል አገር፣ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ በቀለም ተሸፍኖ ወይም ተነቅሎ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ያን ጊዜ ፋብሪካው «እስኪመረመር ድረስ አትሥሩበት» የሚል ማስታወቂያ ቢያወጣ፣ ፖስታው የሚደርሰው ለመብራት ኩባንያው ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛውም ከተሸጡት መኪናዎች ፋይል ጋር አያይዞ ያስቀምጠዋል።