ከበጎ ፈቃድ ወደ ግዴታ፦ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ በስድስት ኪሎ ግቢ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ስድስት ኪሎ ግቢ መነሻ አድርጎ፣ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ከግለሰቦች ቸርነት ወደ ተቋማዊ ግዴታ ሊሸጋገር እንደሚገባ ይከራከራል። ዋና ነጥቡ ጊዜ ነው፦ ከፈተና በኋላ የደረሰ ድጋፍ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

1. ግቢው

ከጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው ይህ ግቢ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመርቋል። የእንጦጦ ግርጌ በመሆኑ ተዳፋት ነው፤ ነባር ሕንፃዎቹም የዊልቸር ተጠቃሚን ታሳቢ አድርገው አልተሠሩም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ቢደነግግም፣ ቀድሞ የተሠራውን ማስተካከል ራሱን የቻለ በጀት ይጠይቃል።

ግቢው የሚያኮራ ታሪክም አለው። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ ሕግ ያጠናችው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብላለች። ዩኒቨርሲቲው በ2008 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ጀምሯል። ስለዚህ ችግሩ የዕውቀት እጦት አይደለም።

2. ሕጉ

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ በአንቀጽ 24 የከፍተኛ ትምህርትን ያለ አድልዎ የማግኘት መብት ይደነግጋል፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መንፈግም አድልዎ ነው ይላል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ግን የተቋማትን ግዴታ በተቻለ መጠንና አቅም በፈቀደ ከሚል ገደብ ጋር አስቀመጠ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1152 ቢተካም፣ አቅም ሲገኝ ይደረጋል የሚለው አስተሳሰብ በአሠራር ውስጥ ሥር ሰድዷል። በጀት ሲደለደል በመጨረሻ የሚታሰብ ጉዳይ ደግሞ አቅም የሚተርፍለት አልፎ አልፎ ነው።

3. አሠራሩ

ዓይነ ስውር ተማሪ ሞጁሉን የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። አንባቢው ብዙውን ጊዜ የክፍል ጓደኛው ነው፤ ፈተና ሲቃረብ ግን ጓደኛውም የራሱ ጥናት አለበት። ድጋፉ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይሳሳል ማለት ነው። ኮምፒውተርም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፦ በፎቶ መልክ ስካን የተደረገን ሃንድአውት ወይም ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈን ጽሑፍ ገጽ አንባቢ ሶፍትዌር በትክክል ሊያነበው አይችልም። መምህሩ ያንኑ ጽሑፍ በዩኒኮድ ቢያዘጋጀው ግን ተማሪው ያለ ማንም እርዳታ ያጠናል።

መስማት ለተሳነው ተማሪ አስተርጓሚ መመደቡ ብቻ አይበቃም፤ የትምህርቱን ሙያዊ ቃላት ቀድሞ ያልተዘጋጀበት አስተርጓሚ ሐሳቡን ያስተላልፋል ማለት ያስቸግራል። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የመማር ችግር ያለባቸው ተማሪዎች ደግሞ ጉዳታቸው በዓይን ስለማይታይ፣ ጠያቂ ከሌለ ድጋፉ ጭራሽ አይደርሳቸውም።

4. ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቅበላ እንደታወቀ ተማሪው በፈቃዱ የሚሰጠው የድጋፍ ፍላጎት መረጃ፣ ምሥጢራዊነቱ ተጠብቆ፣ ከሬጅስትራር ወደ ትምህርት ክፍሉ ይተላለፍ። ሁለተኛ፣ የኮርስ ጽሑፎች ሴሚስተሩ ሳይጀመር በዩኒኮድ ወይም በብሬይል ይዘጋጁ። ሦስተኛ፣ አንባቢነትና አስተርጓሚነት ክፍያና ሥልጠና ያለው ሥራ ይሁን። አራተኛ፣ የተጨማሪ የፈተና ሰዓት ውሳኔ በየመምህሩ በጎነት ላይ ከሚንጠለጠል፣ አንድ ጊዜ ተወስኖ በሁሉም ኮርሶች ይከበር። አምስተኛ፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚገኝበት ክፍል በምድር ቤት ይመደብ፤ ይህ ከመርሐ ግብር አውጪው ጥንቃቄ በቀር ምንም ወጪ አይጠይቅም።

5. ማጠቃለያ

የጓደኞችና የመምህራን ደግነት ብዙዎችን ለምረቃ አብቅቷል፤ ክብርም ይገባዋል። ሆኖም በደግነት ብቻ የሚማር ተማሪ ቅሬታ ማቅረብ ይከብደዋል፤ ውለታ ያለበት ሰው መብቱን አይጠይቅምና። ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፉን በበጀታቸውና በትምህርት ካላንደራቸው ውስጥ ሲያካትቱት ብቻ፣ አካል ጉዳተኛው ተማሪ እንደ ማንኛውም ተማሪ መጠየቅ፣ መከራከርና በውጤቱ መመዘን ይችላል።