የእሑድ ግብጦ

ቡናው እስኪፈላ ጠጋ ጠጋ በሉና ስለ ቤይሩት እሑድ ላውጋችሁ። ሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ልጅ፣ ከሰባቱ ቀን የኔ የምትላት እሑድ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ነገሬን ከእሷ እጀምራለሁ።

እኔ የሄድኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። ደመወዜ በወር 150 ዶላር ነበር፤ መቶውን ለእናቴ እልክና፣ ከቀረው ላይ የስልክ ካርድና ሳሙና ገዝቼ፣ የተረፈችውን በመሐረብ ቋጥሬ ለእሑድ አስቀምጣለሁ። ያኔ ዶላሩ በ1,500 ሊራ ይመነዘር ነበርና፣ አሥር ሺህ ሊራ የያዘች ልጅ ቀኑን ሙሉ ባለጸጋ ሆና ትውላለች። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ውሉ ላይ ይጻፋል፤ ስንቷ ግን ውሉን ፈርማ በር ተቆልፎባት ቀረች። ከእኛ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች፤ ከገባች ጀምሮ ደጅ ረግጣ አታውቅም ነበር። እሑድ ጧት ስወጣ በረንዳው ላይ ልብስ ስታሰጣ አያታለሁ፣ እጇን ከፍ ታደርጋለች፣ እኔም ከፍ አደርጋለሁ፣ ከዚያ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ይህችን ልጅ ያዙልኝ።

እናላችሁ በ2002 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ አንድ እሑድ አራት ሆነን ዶራ አደባባይ ተገናኘን። ዶራ የሐበሻ ሱቅ ያለበት ሰፈር ነው፤ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ሽሮው ሁሉ እዚያ አለ። ከመካከላችን የጎጃሟ ልጅ ትንሽ ሚጥሚጣ በወረቀት አስጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያም በእግራችን ወደ ቡርጅ ሐሙድ ገባን። ቡርጅ ሐሙድ የአርመኖች ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ገመዱ ከሰገነት ሰገነት የተዘረጋ፣ በየሱቁ ደጅ ባስተርማ የሚሉት የደረቀ ሥጋ የተሰቀለበት ነው፤ ሥጋውን የሚለውሱት በአብሽ ነውና፣ ሽታው ሲመጣ እግራችን ያለ ፈቃዳችን ቆመ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አይተው አገራችን ያስመጧቸው፣ አርባ ልጆች የተባሉት ወላጅ አልባ ሙዚቀኞችም የእነዚሁ ሰዎች ወገን ነበሩ። እዚያ መንገድ ላይ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል፤ አገር ያጣ ሰው አገር ላጣ ሰው ቅርብ ይመስለኛል።

ከዚያ የቤይሩትን ወንዝ ይዘን ወደ ሱቅ አል አሐድ ሄድን። አሐድ ያው የእኛው እሑድ ነው። ከድልድዩ አጠገብ፣ በሲሚንቶ በታጠረው ወንዝ ዳር፣ ልባሹ፣ ጫማው፣ አሮጌው ድስት፣ በቀፎ የታሰረው ወፍ ሳይቀር መሬት ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። እኔ ለእናቴ ሹራብ ተከራክሬ ገዛሁ፣ ሻጩ መጀመሪያ ከጠራው በግማሽ። ገዝቼም ፊቴን አስጠግቼ አሸተትኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ወደ ባሕሩ በሰርቪስ ሄድን። ሰርቪስ ማለት ከሌላ መንገደኛ ጋር ተጋርታችሁ የምትሳፈሩበት ታክሲ ነው፤ መንገዱ ካልተመቸው ሾፌሩ አገጩን ቀና አድርጎ ምላሱን ጠቅ ያደርግና ይሄዳል፣ ሩቅ ከሆነበትም ‹‹ሰርቪሴን›› ይላል፣ የሁለት ሰው ክፈሉ ማለቱ ነው። እኛ ረምለት አል ባይዳ ወረድን፣ ነጭ አሸዋ ማለት ነው፤ በከተማይቱ ማንም ሳይከፍል የሚገባበት የአሸዋ ዳርቻ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ለመግባት ገንዘባችንን ቋጥረን ሄደን፣ በር ላይ የቆመው ሰው መልካችንን አይቶ መልሶናል። እዚህ የሚመልሰን አልነበረም። ፍሳሽ ስለሚለቀቅበት ውሃው ለዋና አይሆንም፤ ግን ቀሚሳችንን ሰብስበን እስከ ቁርጭምጭሚታችን ገባን።

ከጥር ወዲህ ባሕሩ ዘንድ አልሄድንም ነበር። ጥር 17 ሌሊት፣ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ሰማዩ በመብረቅ ሲሰነጠቅ፣ ወደ አዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላናችን በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ እዚያው ባሕር ውስጥ ገባ፣ 90 ሰው ይዞ። አንድም አልተረፈ። አሸዋው ላይ ስትቀመጡ በስተደቡብ ከአየር ማረፊያው የሚነሡት ይታያሉ፤ ያን ቀን አንዱ በተነሣ ቁጥር ጨዋታችን ይቋረጥና፣ ደመናው እስኪሸፍነው በዓይናችን እንሸኘዋለን፣ ከዚያ እንደገና እንጀምራለን።

ኋላ ወደ መንገዱ ወጣን፣ አንድ ሽማግሌ ጋሪ እየገፉ መጡ። ጋሪው ላይ ውሃ የጠገበ ቢጫ ጥራጥሬ ተቆልሏል፣ አናቱ ላይ ሎሚ ተደርድሯል፤ ቱርሙስ ይሉታል። ሦስታችን አላወቅነውም። የጎጃሟ ልጅ ግን ቆመች፣ አንድ ፍሬ አነሣች፣ ልጣጩን በጥርሷ ፈልቀቅ አድርጋ ቀመሰች፣ ዓይኗም እንባ ሞላ። ‹‹ግብጦ ነው እኮ! የኛ ግብጦ!›› አለች። እውነትም ግብጦ ነበር። እናቷ ቆልታ፣ በጆንያ አድርጋ፣ ምሬቱ እስኪወጣ ለቀናት ወራጅ ወንዝ ውስጥ የምትዘፈዝፈው ያ ግብጦ፣ ባሕር ተሻግሮ በሎሚና በጨው ይበላል። በሺህ ሊራ ሞልተው ሰጡን። እሷም ሚጥሚጣዋን አውጥታ ነሰነሰችበት፣ ‹‹አሞ፣ ይቅመሱ›› ብላ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው። ቀመሱ፣ ፊታቸው ቀላ፣ ሳል ያዛቸው፣ ከዚያ እጃቸውን ደግመው ዘረጉ። ስንሄድ አንድ ጭልፋ ጨመሩልን፣ ለጭማሪው ግን ገንዘብ አልተቀበሉንም።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ማዘንበል ስትጀምር ተለያየን፤ አሠሪዬ ማዳም የሰጠችኝ ሰዓት አሥራ ሁለት ነበር። ያቺን ጭማሪ ግን አልነካኋትም፣ በወረቀት ጠቅልዬ በጉያዬ ይዣት መጣሁ። በቤይሩት ከፎቅ በገመድ ቅርጫት አውርደው ከመንገድ ዳቦና አትክልት መግዛት የተለመደ ነው። የወሎዋ ልጅ በረንዳው ላይ ነበረች። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋት፣ ዞር ብላ ቤቱን አየች፣ ከዚያ ቅርጫቷን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ግብጦውን ከተትኩ፣ የጎጃሟ ልጅ የሰጠችኝን የተረፈች ሚጥሚጣም ከጎኑ አስቀመጥኩ። ገመዱ ሽቅብ ሲሳብ፣ ሁለተኛውን ፎቅ፣ ሦስተኛውን ሲያልፍ፣ እኔ እታች ቆሜ እስኪደርስላት ጠበቅሁ።