«ለአሮጌ መኪና ወፍራም ዘይት»፦ ያረጀው መኪናው ነው ወይስ ምክሩ?

መርሳ ላይ አሮጌ መኪና ይዞ ዘይት ሊያስቀይር የገባ ሰው የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «መኪናው አርጅቷል፣ ወፈር ያለ ዘይት ጨምርበት።» ወልድያም ብትሉ፣ ደሴም ብትሉ፣ አዲስ አበባም ብትሉ ቃሉ ብዙ አይለወጥም። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ግን ታሪክ አለው። ዛሬ ደግሞ የብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል።

እስኪ ከመጀመሪያው እንነሳ።

እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዛሬ በዘይት ጣሳ ላይ የምናነበው ቁጥር ገና አልነበረም። በጣሳው ላይ «ኤስኤኢ» ተብሎ የሚጠቀሰው የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር የዘይትን ውፍረት በቁጥር መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም። 50 ቁጥር ከ30 ቁጥር ይወፍራል ማለት እንጂ ይበልጣል ማለት አይደለም።

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲበርድ ይወፍራል። ቅቤ ያነጠረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ግን ሁሉም ዘይት እኩል አይቀጥንም። ዲን እና ዴቪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ መለኪያ አበጁለት። በሙቀት ብዙም የማይለዋወጠውን የፔንስልቬንያ ዘይት 100፣ ቶሎ የሚቀጥነውን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ዘይት ደግሞ 0 ብለው ሰየሙት።

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንምጣ።

የማይጨው ጦርነት የተካሄደው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ደሴን ይዞ ከ1,000 በላይ በሆኑ መኪኖች ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ከተማዋ ገባ። ከዚያ በኋላ ከአስመራ በማይጨው፣ በወልድያ፣ በመርሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ደሴ የሚገባውን መንገድ ሠራ። ወራሪው ከ5 ዓመት በኋላ ተባሮ ወጣ። የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ግራሶ፣ ኩሽኔታ የምንለው ሁሉ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር መንገዶቹን መጠገን ሲጀመርና የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ የጭነት መኪና የአገሪቱ የደም ሥር ሆነ።

የዚያ ዘመን ዘይት አንድ ቁጥር ብቻ ነበረው፦ 30 ወይም 40 ወይም 50። እንግዲህ ሹፌሩን አስቡት። ከባሕር ወለል፣ ከአሰብ ሐሩር ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ወዳላት ደሴ ይወጣል። ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ፣ ደሴን አልፎ፣ ቆላ ቀመሷ መርሳ ይደርሳል። ቀጭን ዘይት ቢጨምር በቆላው ዳገት ውኃ ይሆንበታል። ወፍራም ቢጨምር ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ይለዋል። ከሁለቱ የከፋው በጭነት ላይ ሞተር ማቃጠል ነውና ወፍራሙን ይመርጣል። «ወፍራም ይሻላል» የሚለው ምክር በዚያ ዘመን ልክ ነበር። ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ዳገቱና ሙቀቱ ያስተማሩት ነው።

የሞተር መትረፍ ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ አልነበረም። በ1977ቱ ረሃብ የእርዳታ እህል ከአሰብ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ መርሳንና ወልድያን አልፎ ወደ ኮረም የተጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ከትልልቆቹ ማነቆዎች አንዱ የጭነት መኪና እጥረት ነበር። ወሎ ውስጥ ሞተር መቆሙ እህል መቅረት ማለት የሆነበት ጊዜ ነበር።

ዘይቱ ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሞቅ ቅጥነቱን የሚገታ ንጥረ ነገር የተጨመረባቸው ባለ ሁለት ቁጥር ዘይቶች ተስፋፉ። 20ደብሊው-50፣ 15ደብሊው-40፣ 5ደብሊው-30 የምንላቸው ናቸው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ሲያንስ ቶሎ ይፈሳል። የኋላው ሞተሩ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ይናገራል።

ሞተሩም ተለውጧል። ዋናው ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። «አሮጌ መኪና» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ኮሮላ ዲኤክስን ወይም ላዳን ነው። እነሱ በሙቅ አገር ወፍራም ዘይት ይችላሉ። ግን እ.ኤ.አ. በ1999 መሠራት የጀመረው ቪትዝም ዛሬ አሮጌ ነው። ቪቪቲ-አይ የተባለው ሥርዓት ያለው ሞተር የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክለው በራሱ በዘይቱ ግፊት፣ በቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል ነው። ለ5ደብሊው-30 የተሠራውን ሞተር 20ደብሊው-50 ብታጠጡት፣ በተለይ ጠዋት ሲነሣ ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። እድሜው ወፍራም ዘይት አላስፈለገውም። የሚያስፈልገውን የወሰነው አሠራሩ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሊሸጥ የቀረበ መኪና ውስጥ ወፍራም ዘይት ሲጨመር ጭሱ ለጊዜው ይቀንሳል፣ ማንኳኳቱም ይደበቃል። ገዢው እቁብ ጥሎ፣ መሬት ሸጦ የገዛው መኪና ጥቂት ሰንብቶ ሞተር ይወርድበታል። ይህ ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እንዲህ ስል ወፍራም ዘይት ፈጽሞ አይጨመር ማለቴ አይደለም። የፒስተኑ ቀለበት የተበላና ዘይት የሚበላ ሞተር፣ እንደ መርሳ ባለ ሙቀት፣ የአምራቹ መጽሐፍ እስከፈቀደ ድረስ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ቢደረግለት ጉዳት የለውም። ግን ይህ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። ናፍጣ ሞተር ላለው ደግሞ ከቁጥሩ ጎን ያለውን ፊደል ማየት ይገባል። በኤፒአይ ምደባ ኤስ ለቤንዚን፣ ሲ ለናፍጣ ነው።

ለምን ዛሬ ይህን አነሣሁ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የግል መኪና እንደማይገባ አስታወቀ። የፖሊሲውን ልክነት ሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና በቀላሉ የሚተካ አይደለም። አንድ ሚኒባስ ወይም አንድ አይሱዙ የሹፌሩን፣ የረዳቱንና የባለቤቱን ቤት ያበላል። በተሳሳተ ጣሳ ምክንያት ሞተር ሲወርድ ሦስት ቤት ይጾማል።

ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ «መኪናው ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። «ሞተሩ ለየትኛው ዘይት ተሠራ? ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው? የሚሠራውስ በየትኛው አየርና ዳገት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የጥንቶቹ ሹፌሮችም የጠየቁት ይህንኑ ነበር። በነበራቸው ዘይት፣ ለነበራቸው ሞተር ትክክለኛውን መልስ አገኙ። እኛ ግን ጥያቄያቸውን ትተን መልሳቸውን ብቻ ወረስን።

ቸር እንሰንብት።