ከአጥሩ ወዲህ ቆመን

አንዲት የልጆች ጋዜጣ ነበረች። አዘጋጆቿ የለንደኑ ደራሲ የሌስሊ ስቲቨን ልጆች ሲሆኑ፣ በእጃቸው እየጻፉ ወላጆቻቸውን ያስነብቡ ነበር። (ጽሑፋችንን ራሳችን እያባዛን የምናነብ እኛ ይህችን ጋዜጣ ብንወዳት አይፈረድብንም።) በሴፕቴምበር 1892 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አንድ ወሬ እንዲህ ነው፦ ቶቢና ቨርጂኒያ ለመርከቦች ብርሃን ወደሚያሳየው የባሕር ማማ በጀልባ እንዲሄዱ ተጋበዙ፤ ትንሹ ኤድሪያን ግን አትሄድም ተብሎ በጣም ከፋው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከ35 ዓመት በኋላ ያችው ቨርጂኒያ፣ ቨርጂኒያ ዎልፍ ተብላ፣ «ወደ መብራት ማማው» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመች። መጽሐፉ የሚጀምረው ማማውን ለማየት በጓጓ የስድስት ዓመት ልጅና፣ ነገ አየሩ አይፈቅድም ብሎ ተስፋውን በሚቆርጥበት አባት ነው።

የስቲቨን ቤተሰብ ከ1882 እስከ 1894 በጋውን የሚያሳልፈው በኮርንዎል፣ በሴንት አይቭስ ከተማ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ የኪራይ ቤት ነበር። (የነሱ በጋ የኛ ክረምት ነው፤ እኛም ትምህርት ሲዘጋ ወደየአገራችን የምንገባበት።) ሜይ 5 ቀን 1895 እናታቸው ጁሊያ ሞተች። ቨርጂኒያ 13 ዓመቷ ነበር። ቤቱም ተለቀቀ። ከዚያማ ሞት በሞት ላይ ተደራረበ፤ በ1897 የእናታቸው ልጅ ስቴላ፣ በ1904 አባታቸው።

በ1905 አራቱ ወንድምና እኅት ወደ ሴንት አይቭስ ተመለሱ። አመሻሽ ላይ በባቡር ደረሱ፤ በጨለማ ዳገቱን ወጥተው፣ ከአጥሩ ቁጥቋጦ ኋላ ቆመው ቤታቸውን አዩት። መስኮቱ በርቷል። የበራው ግን ለሌላ ሰው ነው። ሳያንኳኩ ተመለሱ። ቶቢም በዓመቱ በተስቦ ሞተ።

በልብ ወለዱ ቦታው ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ስካይ ደሴት ተዛውሯል። በመካከለኛው ክፍል አሥር ዓመት ያልፋል፤ አንደኛው የዓለም ጦርነትም በዚያው ውስጥ ነው። የእናትየዋ ሞት በቅንፍ ውስጥ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ልጇም ፈረንሳይ ውስጥ በመድፍ ሲሞት እንዲሁ በቅንፍ። ድንኳን ተክለን ለቅሶ የምንቀመጥ ሰዎች ይህን ስናነብ ተናደድን እኮ! አቧራው፣ እርጥበቱ፣ ባዶውን ቤት የሚፈትሸው ነፋስ ገጽ በገጽ ተጽፎ ለእናት አንድ ቅንፍ? ኋላ ግን ገባን። የ13 ዓመት ልጅ ከሞቱ ይልቅ የምታውቀው ከሞቱ በኋላ የቀረውን ባዶ ቤት ነው። ያን ቤት ከመፍረስ የሚያድኑትም ወገባቸውን ይዘው የሚጠርጉ አሮጊት ሠራተኞች ናቸው። ከመጽሐፉ ሁሉ እኛ የወደድነው ይህን ክፍል ነው።

ሳንነግራችሁ የማናልፈው ነገር አለ። በፌብሩዋሪ 1910 ይህችው ሴት ከጓደኞቿ ጋር ፊቷን ጥቁር ተቀብታ፣ ጢም ለጥፋ፣ «የአቢሲኒያ ልዑላን» ተብለው ድሬድኖት የተባለውን የእንግሊዝ ጦር መርከብ ጎበኙ። አስተርጓሚ ሆኖ የቀረበው ያ ማማውን የተከለከለው ኤድሪያን ነው። በተታለሉት መኮንኖች ሳቅን፤ በቀለሙ ግን አልሳቅንም። ከመካከላችን አንዱ በዚህ ምክንያት መጽሐፉን አላነብም ብሏል። አልፈረድንበትም።

መጽሐፉ የወጣው ሜይ 5 ቀን 1927፣ ጁሊያ በሞተችበት ዕለት ነው። ደራሲዋ በ1939 በጀመረችው ትዝታዋ ላይ እንደጻፈችው፣ የእናቷ ነገር እስከ 44 ዓመቷ ከሐሳቧ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ መጽሐፉን ከጨረሰች በኋላ ግን ድምጿን መስማት፣ መልኳንም ማየት ተወች። ታዲያ ይህ መዳን ነው ወይስ እናትን ሁለተኛ መቅበር? ሁለት ማታ ተከራከርንበት፤ አልተስማማንም።